የወይን ዘር፣ የአያቴ ጥርስ እና የኔ ጥፋት

በባቡር ለምትሰሙኝ፣ በመኪና ለምትሰሙኝ፣ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፋችሁ ለምትሰሙኝም እንኳን ደህና መጣችሁ። እኔ እዚሁ አገር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። የጥርስ ሕክምና እማራለሁ፣ አምስተኛ ዓመት ደርሻለሁ። አማርኛዬ ግማሹ ከአያቴ፣ ግማሹ ከትምህርት ቤት የመጣ ስለሆነ መሃል ላይ ዕብራይስጥ ጣል ካደረግሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። እናንተም ያው እንደኔው ናችሁ።

የዛሬው ጥያቄ ሲሰሙት ያስቃል። የወይን ዘር ጥርስን ያጠነክራል ወይ? አጭሩ መልስ "አዎ፣ ግን እንደምታስቡት አይደለም" የሚል ነው። ረጅሙን መልስ ከመናገሬ በፊት ግን አንድ ጥፋቴን መናገር አለብኝ።

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። አርብ ማታ ነው፣ ሻባት ገብቷል፣ ሁላችንም እምዬ ቤት ተሰብስበናል። እምዬ የምላት አያቴን ነው፣ የእናቴን እናት። ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ፣ እሷም አንድ ቁራሽ ጎረሰች። ልብ በሉ፣ ዳቦ ነው። ቆሎ አይደለም፣ አጥንት አይደለም። ከዚያ ማኘኳን አቆመችና የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ አስጠጋች። ሌላ ሰው አላየም። እኔ አጠገቧ ስለነበርኩ አየሁ። የፊት ጥርሷ ልክ ከድዷ ጥግ ተሰብሮ ነጠላዋ ላይ ወድቋል። የተሰበረበት ቦታ ቡናማ ነው፣ እንደበሰበሰ እንጨት ለስልሷል። በዓይኗ "ዝም በይ" አለችኝ፣ ዝም አልኩ። እስክንለያይ ድረስ አፏን በነጠላ ሸፍና ስትጫወት አመሸች።

በማግስቱ ብቻችንን ስንሆን "እምዬ፣ ጥርስሽን በምንድነው የምታጥቢው?" ብዬ ጠየቅኋት።

"ያን ኬሚካሉን ከተውኩት ቆየሁ እኮ" አለችኝ።

"ለምን ተውሽው?"

"አንቺ አይደለሽ እንዴ የወይኑ ዘር መድኃኒት ነው ያልሽኝ?"

በቃ፣ ደነገጥኩ። እውነቷን ነው። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ እያለሁ፣ አንድ ቀን የባዮኬሚስትሪ ትምህርት ላይ መምህሩ በጨዋታ መሃል ስለ ወይን ዘር አንስቶ ነበር። ከወይን ዘር የሚወጣ ነገር የጥርስን ኮላጅን ያጠነክራል አለ። አንድ ደቂቃ የማይሞላ ወሬ ነው። እኔ ደግሞ ቤት ስገባ በደስታ "እምዬ፣ የወይን ዘር ለጥርስ መድኃኒት ነው!" አልኳት። ከዚያ ረሳሁት፣ ፈተና ነበረብኝ። እሷ ግን አልረሳችም። ለእሷ ያ ወሬ የመጣው ከቤተሰቡ ሐኪም ነው። ገና ሐኪም አለመሆኔ ለእሷ ምንም አይደለም።

ስለዚህ ዘር ያለው ወይን እየገዛች ቀኑን ሙሉ አንድ በአንድ እያኘከች ትውላለች። ወይን በሌለበት ወቅት ዘቢብ ትበላለች። ከዘመድ አንዱ በዋትሳፕ ያገኘውን የወይን ዘር እንክብልም ሸጦላታል። የጥርስ ሳሙናውን "ኬሚካል ነው" ብላ ተወችው። ይኼ ሁሉ አንድ ዓመት ያህል ሲካሄድ እኔ በየሻባቱ እየመጣሁ ዳቦ እበላ ነበር። አፏን ግን አንድም ቀን አላየሁም።

እሺ፣ አሁን ወደ ትምህርቱ እንግባ። እምዬ ያልተነገራትን እናንተ እንድትሰሙ እፈልጋለሁ።

ጥርስ ሁለት ቦታ አለው። ስንስቅ የሚታየው አናቱ ነው፣ በድድ ውስጥ የተቀበረው ደግሞ ሥሩ ነው። አናቱ ኢናሜል በሚባል ነገር ተሸፍኗል። ኢናሜል በሰውነታችን ውስጥ ካለው ሁሉ ጠንካራው ነው፤ በክብደት 96 ከመቶ ያህሉ ማዕድን ነው። ሥሩ ግን ይህ ልብስ የለውም። በላዩ ያለው ሲሚንተም የሚባል ስስ ሽፋን ነው። ከሥሩ ዴንቲን ይገኛል። ዴንቲን በክብደት 70 ከመቶ ያህሉ ማዕድን፣ 20 ከመቶ ያህሉ ሥጋ ነክ ነገር፣ የቀረው ውሃ ነው። ከዚያ ሥጋ ነክ ነገር ውስጥ አብዛኛው፣ ወደ 90 ከመቶው፣ ኮላጅን ነው።

ኮላጅን ምንድነው? ሹሩባ አስቡ። ሦስት ክሮች እርስ በርስ ተጠማዝዘው አንድ ገመድ ይሆናሉ። ገመዶቹ ተደርድረው መረብ ይሠራሉ፣ ማዕድኑ ደግሞ በመረቡ ውስጥና በመረቡ ላይ ይቀመጣል። የጭቃ ቤት ስታስቡ ማገሩ ኮላጅን ነው፣ ጭቃው ማዕድኑ ነው። ጭቃው ቢረግፍ ማገሩ እስካለ ድረስ መልሳችሁ ትለስኑታላችሁ። ማገሩ ከበሰበሰ ግን ጭቃውን የት ላይ ትለጥፉታላችሁ?

ዕድሜ ሲገፋ፣ ወይም ድድ ሲታመም፣ ወይም ጥርስ በኃይል ሲፋቅ፣ ድድ ወደ ኋላ ይሸሻል። ያኔ ሥሩ ይገለጣል። ኢናሜል መሟሟት የሚጀምረው የአፋችን የአሲድ ልክ ወደ 5.5 ሲወርድ ነው። ንጹህ ውሃ 7 ነው፣ ቁጥሩ በወረደ መጠን አሲዱ ይበረታል። ሥሩ ግን 5.5ን አይጠብቅም፣ ገና ከ6 በላይ እያለ መሟሟት ይጀምራል። ማለት ለአናቱ ምንም የማይሆን ትንሽ አሲድ ለሥሩ በቂ ነው። ስኳር በበላን ቁጥር በጥርሳችን ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ስኳሩን አሲድ ያደርጉታል፤ ምራቃችን ያንን አሲድ አጥቦ እስኪመልሰው ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። አሁን እምዬን አስቡ፣ በየአሥር ደቂቃው አንድ ፍሬ ወይን። ምራቋ መቼ ያርፋል?

ይኼ የመጀመሪያው ግማሽ ነው፣ የማዕድኑ መሟሟት። ሁለተኛው ግማሽ ሲነገረኝ በጣም ነው የገረመኝ። ማዕድኑ ሲሄድ ኮላጅኑ ራቁቱን ይቀራል። እሱን በዋናነት የሚቆራርጠው ባክቴሪያው ብቻ አይደለም፣ የራሳችን ሰውነት ጭምር ነው።

ታሪኩ ከእንቁራሪት ይጀምራል። በ1962 ጀሮም ግሮስ እና ሻርል ላፒዬር የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስጨነቃቸው። የእንቁራሪት ልጅ ስትወለድ ጭራ አላት፣ ስታድግ ጭራው ይጠፋል። የት ይሄዳል? ጭራው ውስጥ ያለውን ኮላጅን የሚቆራርጥ ኢንዛይም አገኙ። ዛሬ የዚያ ቤተሰብ ኢንዛይሞች በአጭሩ ኤም ኤም ፒ ይባላሉ። በእኛም ሰውነት ውስጥ ሞልተዋል፣ ቁስል ሲድን፣ አጥንት ሲታደስ ይሠራሉ። በ1998 ደግሞ የፊንላንድ ተመራማሪዎች እነዚሁ መቀሶች በተበላ ጥርስ ውስጥም እንዳሉ አሳዩ። በዴንቲን ውስጥ ተቀብረው ተኝተዋል፣ በምራቅም ይመጣሉ። አሲድ ሲነካቸው ይነቃሉ፣ አሲዱ ሲበርድ ደግሞ ሥራቸውን ይጀምራሉ። ስለዚህ የሥር መበስበስ የሁለት ሌቦች ሥራ ነው። አንዱ በሩን ይሰብራል፣ ሁለተኛው ዕቃውን ያወጣል። ሁለተኛው ደግሞ የቤት ልጅ ነው።

ይኼን ሁሉ ለእምዬ ልነግራት ሞከርኩ። የጀመርኩትን ስህተት በትክክል ልጨርሰው ብዬ ነው። ግን ኮላጅንን በአማርኛ ምን ልበለው? "ጅማት ነው" አልኩ፣ አልጣመኝም። "ሥጋ የሚያያይዝ ክር ነው" አልኩ።

"ቆዳ ውስጥም አለ?" አለችኝ።

"አዎ፣ ውሃው ሲወጣለት ቆዳ አብዛኛው እሱ ነው።"

"ታዲያ ልጄ፣ ያልለፋ ቆዳ ይበሰብሳላ!" አለችኝ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ዝም ብዬ አየኋት። እሷ ቀጠለች። ጎንደር እያሉ እህል የሚይዙበት ስልቻ፣ የሚቀመጡበት አጎዛ፣ አልጋ የሚወጠርበት ጠፍር፣ ሁሉም ቆዳ ነው። ጥሬ ቆዳ ውሃ ከነካው ይሸታል፣ ትል ይበላዋል። በዛፍ ቅርፊትና በቅጠል ተዘፍዝፎ የለፋ ቆዳ ግን ዓመታት ይቆያል። "ቅርፊቱ ይገባበትና ያጠብቀዋል፣ ከዚያ በኋላ ምን ይደፍረዋል?" አለች።

አንድ ሴሜስተር የፈጀብኝን ነገር ነው በአንድ ዓረፍተ ነገር የነገረችኝ። የወይን ዘር ምርምር ማለት በአጭሩ ጥርስን ማልፋት ነው። በቅርፊት ውስጥ ያለው ቆዳ የሚያጠብቅ ነገር ታኒን ይባላል። በወይን ዘር ውስጥ ያለው ፕሮአንቶሲያኒዲን ደግሞ የታኒን ዘመድ ሳይሆን ራሱ አንድ ዓይነት ታኒን ነው። የወይን ዘር ስታኝኩ፣ ወይም በጣም የከረመ ጥቁር ሻይ ስትጠጡ አፋችሁን ጭምድድ ያደርገው የለ? እሱ ነው። ታኒኑ የምራቃችሁን ፕሮቲን ይዞ ሲያጠብቀው ነው የሚሰማችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥርስ የምናጸዳበት መፋቂያ እና ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ፣ ሁለቱም "ፋቀ" ከሚል ቃል ነው የመጡት። "ፋቂ" የሚለው ቃል ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ስድብ ሆኖ ኖሯል። የእኛ ሰዎችም ብረት ስለሚቀጠቅጡ፣ ሸክላ ስለሚሠሩ በክፉ ስም ተጠርተዋል፣ ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁታል። እና ዛሬ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች በውድ መሣሪያ የሚያጠኑት ነገር የእነዚያ የተናቁ ሰዎች ሙያ ነው። እኔ ይኼን ሳስብ ደስ ይለኛል፣ ትንሽም ይቆጨኛል።

እሺ፣ ምርምሩ ምን አገኘ? በዚህ ጉዳይ ብዙ ሥራ የተሠራው ቺካጎ በሚገኘው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2008 ያወጡት አንድ ጥናት በቀጥታ ስለ ሥር መበስበስ ነው። የተነቀሉ የሰው ጥርሶች ሥር ቆርጠው ወሰዱ፣ በአሲድ ሆን ብለው አበሰበሱት፣ ከዚያ አንዳንዱን በወይን ዘር ጭማቂ፣ አንዳንዱን በፍሎራይድ አከሙት። የወይን ዘሩ የመበስበሱን አካሄድ ወደ መልካም ቀየረው። ደግሞ የሚሠራበት መንገድ ከፍሎራይድ የተለየ መስሎ ታያቸው። ፍሎራይድ ጭቃውን ያጠነክራል፣ የወይን ዘሩ ማገሩን ያጠብቃል። በሌሎች ጥናቶችም ሁለት ነገር ታይቷል። አንደኛ፣ ፕሮአንቶሲያኒዲን የኮላጅን ገመዶችን እርስ በርስ ያስተሳስራል፣ ዴንቲኑ ይጠነክራል። ሁለተኛ፣ እነዚያን መቀሶች፣ ኤም ኤም ፒዎቹን፣ ሥራ ያስፈታቸዋል። አረንጓዴ ሻይ፣ ካካዎ፣ ቀረፋ፣ ክራንቤሪም ተሞክረዋል፤ ሁሉም ግን እኩል አይሠሩም፣ እንደ ሞለኪውሉ መጠንና ዓይነት ይለያያል።

ቆንጆ ነው፣ አይደል? እኔም እዚህ ላይ ነበር ጆሮዬን የዘጋሁት። አሁን እዚያ ያልሰማሁትን ልንገራችሁ።

ይኼ ሁሉ የሆነው በአብዛኛው በላብራቶሪ ነው። ጥርሱ ንጹህ ተደርጎ፣ ተጣርቶ በወጣ ኃይለኛ ፈሳሽ ውስጥ ተቀምጦ ነው። አፍ ውስጥ ግን ምራቅ ያጥበዋል፣ የጥርስ ቆሻሻ ይሸፍነዋል። ወይኑን ስታኝኩት ከዘሩ የሚወጣው ታኒን ጥቂት ነው፣ ከሥጋው የሚወጣው ስኳር ግን ብዙ ነው። ስለዚህ እምዬ ከመድኃኒቱ ጠብታ፣ ከመርዙ ማሰሮ ነው ስትወስድ የነበረው።

እንክብሉስ? እንክብል ወደ ሆድ ይሄዳል። ሥሩ ላይ አይቀመጥም። ደግሞ ዴንቲን ውስጥ ያለው ኮላጅን እንደ ቆዳችን በየጊዜው የሚታደስ አይደለም፤ አንዴ ተሠርቶ ያለቀ ነው። ስለዚህ፣ እህቶቼ ይቅርታ፣ ያ ለፊትና ለጥፍር ብላችሁ በቡና የምትበጠብጡት የኮላጅን ዱቄትም ለጥርስ ሥር ምንም አያደርግም። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሽማግሌዎች ደግሞ የወይን ዘር እንክብል ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ እንዳይጀምሩ። እምዬ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ይዤ ሐኪሟ ዘንድ የሄድኩት ያኔ ነው፣ እንክብሉንም አስተዋት።

ሌላም አለ። ታኒን ጥርስን ያጠቁራል፣ ቡናማ ያደርገዋል። የተበጠሰ ኮላጅንንም አይቀጥልም። ያለውን ነው የሚያጠብቀው። ስለዚህ አንድ ቀን መድኃኒት ቢሆን እንኳ፣ ሐኪም ሥሩ ላይ በቀጥታ የሚቀባው ነገር ነው የሚሆነው፣ ከፍሎራይድ ጋር እንጂ በፍሎራይድ ፋንታ አይደለም። እኔ ለእምዬ መናገር የነበረብኝ ይህቺን አንድ ቃል ነበር፣ "ጋር" የምትለዋን። ሳልናገር ቀረሁ፣ እሷ "ፋንታ" ብላ ሰማች።

"ከተፈጥሮ ነው" የሚለውንም ነገር እንነጋገርበት። እናቶቻችን ይኼን ቃል ይወዱታል፣ እኛም ኢንስታግራም ላይ እንወደዋለን። የወይኑ ስኳርም ከተፈጥሮ ነው። የሎሚ አሲድም ከተፈጥሮ ነው። ጥርሳችንን የሚቆራርጡት መቀሶችም ከተፈጥሮ ናቸው፣ ከራሳችን። ፍሎራይድም ቢሆን በድንጋይና በውሃ ውስጥ የሚገኝ ነገር ነው። ጥያቄው ከየት መጣ ሳይሆን፣ የት ቦታ፣ ምን ያህል፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚል ነው።

መፋቂያውንም አልረሳሁትም። የወይራም ሆነ የክትክታ መፋቂያ ጥሩ ነገር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ ልማዱ ባለበት ቦታ ይደግፈዋል። ግን በኃይል ወደ ጎን ከተፋቀ ድድን ይገፋል፣ ሥሩን ይገልጣል። በቀስታ፣ ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ ነው። እምዬ መፋቂያዋን አልተወችም፣ እኔም አላስተውኳትም። ከመፋቂያው በኋላ ግን ፍሎራይድ አለ።

አሁን ሥራ የምሰጣችሁ ሰዓት ነው። ይኼ ክፍል የተዘጋጀው ለዚህ ነው። በሚቀጥለው ሻባት አያታችሁ ቤት ስትሄዱ አምስት ነገር እዩ።

አንደኛ፣ አፋቸውን እዩ። አክብራችሁ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ፣ "እስቲ ልይልሽ"፣ "እስቲ ልይልዎት" ብላችሁ። የስልካችሁ መብራት ይበቃል። ድድና ጥርስ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ቢጫ ወይም ቡናማ፣ ለስላሳ የሚመስል ነገር ካለ ቀጠሮ ያዙ። የሥር መበስበስ ብዙ ጊዜ አያምም። ስላላመመ ደህና ነው ማለት አይደለም። የእምዬ ጥርስ እስከሚሰበር ድረስ አንድ ቀን አላመማትም።

ሁለተኛ፣ የጥርስ ሳሙናውን ገልብጣችሁ አንብቡ። ለአዋቂ ሰው የተለመደው 1,450 ፒፒኤም አካባቢ ፍሎራይድ ነው። "ናቹራል" ተብለው የሚሸጡት አንዳንዶቹ ፍሎራይድ የላቸውም። ሥራቸው የተገለጠና መበስበስ ለጀመራቸው ሰዎች ደግሞ 5,000 ፒፒኤም ያለው ሳሙና አለ፣ ሐኪም የሚያዘው ነው፣ ለልጆች አይሆንም። ካጠቡ በኋላ ይትፉት እንጂ በብዙ ውሃ አይጉመጥመጡ። እዚህ አገር በቧንቧ ውሃ ላይ ፍሎራይድ መጨመር ግዴታ መሆኑ በ2014 ቀርቷል። ስለዚህ "ከውሃው እናገኛለን" ብላችሁ አትተማመኑ።

ሦስተኛ፣ "አፍሽ ይደርቃል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። የደም ግፊት፣ የአለርጂ፣ የድብርት መድኃኒቶች፣ ብዙዎቹ ምራቅ ይቀንሳሉ። ምራቅ ከሌለ አሲዱን የሚያጥብ የለም። መድኃኒቱን አታስቁሙ፣ ለሐኪሙ ንገሩ። ውሃ አጠገባቸው ይኑር። ደረቀብኝ ብለው ከረሜላ የሚመጡ ከሆነ ያ ከወይኑም የባሰ ነው።

አራተኛ፣ ስኳሩን ቁጠሩ። ስንት ማንኪያ ሳይሆን ስንት ጊዜ። ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሁለት ሰዓት ይጠጣል። በየሲኒው ስኳር ካለ ሁለት ሰዓት ሙሉ አሲድ ነው። እምዬ "እኛ አገር ቤት ቡናውን በጨው ነበር የምንጠጣው" ትለኛለች። ቡናውን ማንም አያስቀር፣ እኔም አልደፍርም። ስኳሩ ይቀነስ፣ በመጨረሻ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጣ። ለልጆች የሚቀዳው ፔቴልም ያው ነው።

አምስተኛ፣ መብታቸውን እወቁ። ከ2019 ጀምሮ ዕድሜያቸው 75 የሞላ ሰዎች የጥርስ ሕክምና በኩፓት ሆሊም በኩል በትንሽ ክፍያ እንዲያገኙ ተደርጓል፣ ከዚያም በኋላ ዕድሜው ዝቅ ብሏል። ብዙ ሽማግሌዎቻችን ይኼን አያውቁም። ደውሉላቸው፣ ቀጠሮ ያዙላቸው፣ አብራችሁ ሂዱ። ሺናኒቷ ዘንድም፣ ጥርስ የምታጸዳው ባለሙያ ዘንድ፣ ይሂዱ።

አብራችሁ ስትሄዱ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሁላችንም ልጆች ሆነን አስተርጓሚ ነበርን። ሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ለእምዬ ባንክ ቤት፣ ክሊኒክ፣ ደብዳቤ ሁሉ አስተርጉሜአለሁ። ያኔ የተማርነው ማሳጠር ነው። ሐኪሙ አምስት ደቂቃ ያወራል፣ እኛ "ደህና ነሽ ይልሻል" እንላለን። እሷ አምስት ደቂቃ ታወራለች፣ እኛ በዕብራይስጥ "ያማታል" እንላለን። የወይን ዘሩ ነገር ልክ እንደዚያ ነው የሆነው። ከመምህሩ የሰማሁትን አሳጥሬ ተረጎምኩላት። አሁን ሳስተረጉም "ቆይ፣ ልጨርስላት" እላለሁ። ሐኪሙ ቢቸኩልም ይጠብቅ። ያልገባችሁን ቃል ደግሞ ጠይቁ። እነሱም ዘንድ ቃል አለ፣ እኔ ቆዳ ማልፋትን ያገኘሁት ከእምዬ ነው።

መጨረሻውን ልንገራችሁ። ከዚያ አርብ በኋላ ስንመረምራት ሌላ አንድ ጥርስ መነቀል ነበረበት። አራት ጥርሶች ሥራቸው ላይ ጀምሮባቸው ነበር፣ ግን ማገሩ ገና አለ። ሐኪሟ 38 ከመቶ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባል ፈሳሽ ቀባላት። መበስበሱን ያቆማል፣ ባክቴሪያውንም ይገድላል፣ ግን የተበላውን ቦታ ጥቁር ያደርገዋል፣ ጥቁሩ አይለቅም። ሐኪሙ ይኼን ሲናገር አመነታ፣ "ብዙ ሰው መልኩን አይወደውም፣ ንገሪያት" አለኝ። ሳላሳጥር፣ ሁሉንም ነገርኳት።

እምዬ ከት ብላ ሳቀች። እሷ በልጅነቷ ድዷን የተነቀሰች ናት፣ እንደ ብዙዎቹ የጎንደር ሴቶች። "ይኼማ ጌጥ ነው! ያኔ በመርፌ እየተወጋሁ ያገኘሁትን ዛሬ በነፃ ይቀባልኛል?" አለች። ተርጉሜ ስነግረው ሐኪሙም ሳቀ። ነጠላዋን ወደ አፏ አላስጠጋችም።

አሁን አራቱም ጥርሶች አሉ። ጥቁር ናቸው፣ ስነካቸው ግን ጠንካራ ናቸው፣ ልክ እንደለፋ ቆዳ። ማታ ማታ በሐኪም በታዘዘላት ሳሙና ታጥባለች። አንዳንድ አርብ ማታ ወይን ከራት ጋር ትበላለች፣ ዘሩንም ታኝከዋለች። "ምናልባት ጥቂት ይረዳ ይሆናል" ትለኛለች። "ይረዳ ይሆናል እምዬ፣ ከሳሙናው ጋር" እላታለሁ።

እንግዲህ የዛሬው ይኼው ነው። አያቶቻችሁን ሰላም በሉልኝ፣ አፋቸውንም እዩልኝ። እስከሚቀጥለው ክፍል ደህና ሁኑ። ሻባት ሻሎም።